ወገኖቼ፣ ማን እንደጎደለ እናውቃለን?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ትንሽ መራራ ነው። ለእናንተ ብቻ አይደለም፣ ለራሴም ነው። ግን ተደባብሰን ከምንቀር ፊት ለፊት እንነጋገር።

«እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የማይል ክርስቲያን የት አለ? ልጆች ሳለን በቃላችን አጥንተነዋል። ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። መኪናችን ላይ ለጥፈነዋል። ስልካችንን ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው። ሲጨንቀን እናነበንበዋለን፣ ሰው ሲሞትብን እንጽናናበታለን። አንዳንዱ መጽሐፍ መዝሙር 22 ይለዋል፣ አንዳንዱ 23። የአቆጣጠር ጉዳይ ነው እንጂ መዝሙሩ አንድ ነው። 6 ቁጥር ብቻ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ እንወጣታለን።

ከዚያስ? መጽሐፉን አጥፈን ብድግ እንላለን። አጠገባችን ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳልመጣ ዞር ብለን አናይም። የእኔ እረኛ፣ የእኔ መስክ፣ የእኔ ጽዋ። አንድ ሰው ብቻውን መንጋ እንደማይሆን ረስተነዋል።

እረኛን እረኛ የሚያሰኘው ምን ይመስላችኋል? ዱላ መያዙ አይደለም። ዱላማ ማንም ይይዛል። እረኛ ይቆጥራል። ሲመሽ በረቱ በር ላይ ይቆምና አንድ በአንድ በእጁ ሥር ያሳልፋቸዋል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 33 ላይ መንጎች በሚቆጥራቸው እጅ ሥር ያልፋሉ ሲል የዚህን ሥራ ሥዕል እየሰጠን ነው። ዘሌዋውያን 27 ላይም ከበትር በታች የሚያልፍ መንጋ አለ። ዳዊት በመዝሙሩ «በትርህ» ያለው በዕብራይስጡ ያው ቃል ነው። አውሬ የሚመታበት በትር በጎች ከሥሩ እያለፉ የሚቆጠሩበትም ነው። «ያጽናኑኛል» ብሎ ሲዘምር እኔ የምሰማው ይህንንም ጭምር ነው። ተቆጥሬአለሁ። ብጎድል ይታወቃል።

አሁን ሉቃስ 15ን አስቡ። 100 በግ ያለው ሰው አንዷ ጠፋችበት። ሁላችንም የምናስበው ፍለጋውን ነው፣ በትከሻው ተሸክሟት መመለሱን ነው። እኔን ግን ከዚያ በፊት ያለው ነገር ይይዘኛል። 99 በግ ሜዳ ይሞላል። በዓይን አይቶ «ይህ 99 ነው፣ 100 አይደለም» የሚል ሰው የለም። ሰውየው መጥፋቷን ያወቀው ስለቆጠረ ነው። ባይቆጥር ኖሮ ያን ምሽት እንቅልፉን ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር። ፍለጋ የሚባል ነገርም ባልነበረ።

እኛ ሳንቆጥር የምንተኛ ሰዎች ሆነናል። ይህን የምለው ከሩቅ አይቼ አይደለም።

ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንድ ምሰሶ አጠገብ እቆማለሁ። ምሰሶው ሥር ሁልጊዜ የሚቆሙ አንዲት እናት ነበሩ። ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ሰላም እንባባላለን፣ በቃ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ስመጣ ምሰሶው ሥር ማንም የለም። ተጠግቼ ተደገፍኩ። ተመቸኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ቆምኩ፣ በሌላውም። እውነቱን ልናገር፤ ቦታው ስለተለቀቀልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስት ወር ገደማ እንዲህ አለፈ። መጥፋታቸውን ያነሣው አንድ ሕፃን ነው። የእናቱን እጅ ይዞ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ዞር ብሎ ምሰሶውን አየና «እዚህ የሚቆሙት እማማ የት ሄዱ?» አለ። እናቱ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። ሁለታችንም አናውቅም። ልጁ ግን መልስ እየጠበቀ አንጋጦ ያየናል።

ያን ቀን የተነበበው ምን እንደነበረ አላስታውስም። የልጁ ፊት ግን እስካሁን አለ።

ወገኖቼ፣ ስለ ክፉ እረኞች ማውራት እንወዳለን። ሕዝቅኤል 34ን እንጠቅሳለን። ራሳቸውን የሚያሰማሩ እረኞች! ጮማውን የሚበሉ፣ ጠጉሩን የሚለብሱ፣ የታመመውን ያላከሙ፣ የተሰበረውን ያልጠገኑ! እውነት ነው፣ ቃሉ ከባድ ነው። የተነገረበትንም ጊዜ ልብ በሉ። ሕዝቅኤል ባቢሎን ውስጥ ምርኮኛ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ኢየሩሳሌም ወደቀች። «ከተማይቱ ተመታች» የሚል ወሬ ይዞ ያመለጠ ሰው የመጣው በምዕራፍ 33 ነው። ወዲያው ቀጥሎ የእረኞቹ ወቀሳ ይመጣል። መንጋው ለምን ተበተነ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ግን እኛ ቁጥር 16 ላይ ስንደርስ መጽሐፉን እንዘጋለን። ከ17 ጀምሮ እግዚአብሔር ፊቱን ወደ በጎቹ ያዞራል። «በበግና በበግ መካከል እፈርዳለሁ» ይላል። ቀጥሎ የሚለውን በራሴ ቃል ላቅርበው። ለምለሙን ሣር ግጣችሁ ስትጠግቡ የተረፈውን ለምን ረገጣችሁት? ጥሩውን ውኃ ጠጥታችሁ ስታበቁ የቀረውን በእግራችሁ ለምን አደፈረሳችሁት? የደከሙትን በጎን በትከሻ ገፋችኋቸው። በቀንዳችሁ ወጋችኋቸው። እስኪበተኑ ድረስ።

ይህን የሚያደርገው ተኩላ አይደለም፤ በግ ነው። እዚያው በረት ውስጥ ያለ፣ ያንኑ ሣር የሚበላ፣ ያንኑ እረኛ «የእኔ» የሚል በግ።

ሰልፍ ላይ አቅመ ደካማውን ቀድመን ስንገባ ትከሻችን ነው የሚገፋው። እኛ ተቀጥረን ካበቃን በኋላ በሩን ለሚቀጥለው ስንዘጋ ውኃውን እያደፈረስን ነው። በምላሳችን ሰውን ከማኅበር ስናስወጣ ያ ቀንድ ነው። የሌላ ቋንቋ የሚናገረውን፣ ከሌላ ወገን የመጣውን «ይህ የእኛ አይደለም» ስንል ደግሞ የበረቱን ጌታ ሥራ ቀምተናል። እሱ በዮሐንስ 10 ላይ «ከዚህም በረት ያልሆኑ ሌሎች በጎች አሉኝ» ብሏል። ማን የእሱ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ውለን ማታ «የሚያሳጣኝ የለም» እንላለን። የሌላውን ድርሻ ጨምረን ወስደን ምን ይጎድለናል?

ዳዊት ራሱ በዚህ ወድቋል። የእረኝነትን ነገር ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ልጅ ሳለ አንበሳና ድብ እየተከተለ የአባቱን በግ ከአፋቸው ያስጥል ነበር። በ1ኛ ሳሙኤል 17 ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ደስ ትለኛለች። አባቱ ለወንድሞቹ ስንቅ አስይዞ ወደ ጦር ሰፈር ሲልከው በጎቹን ለጠባቂ ትቶ ነው የሄደው። ታላቅ ወንድሙ ግን «እነዚያን ጥቂት በጎች ለማን ተውሃቸው?» ብሎ ሰደበው። ጥቂት ናቸው። ቢሆንም ጠባቂ ሳያቆም አልሄደም።

ይኸው ሰው ንጉሥ ሲሆን ምን አደረገ? የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ኦርዮንንም አስገደለ። ነቢዩ ናታን መጥቶ ታሪክ ነገረው። ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ፣ አንዲት በግ ብቻ ያለችው ድኻ። በጊቱ ከድኻው ጉርሻ ትካፈላለች፣ ከጽዋው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች፣ እንደ ልጁ ናት። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ መውሰድ ሳሳና ያችን አንዷን አረደ። ዳዊት ቱግ አለ። ሞት ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል የመጣው ያኔ ነው።

ልብ በሉ፤ ዳዊት ለበጊቱ ያዘነው ከልቡ ነው። ማስመሰል አልነበረም። እረኛ ነበረና የአንዲት በግ ነገር አንጀቱን በላው። ግን በተረት ላለች በግ ያዘነ ልብ በቤቱ አጠገብ ያለውን ሰው አላየም። እኛም መዝሙር ስንሰማ እናለቅሳለን። እንባችን እውነት ነው። ከጎናችን የነበረው ሰው ሦስት ወር ሲጠፋ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

በጎች ሞኝ ናቸው ይባላል። እኔ እንዲያ ማለት ትቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር የባብራሃም ተቋም ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳተሙ። በግ የሌሎች 50 በጎችን ፊት ለይቶ ያውቃል፤ ለ2 ዓመት ያህልም አይረሳም። 50 ፊት! እስቲ እያንዳንዳችን እንሞክር። አብረናቸው ከምናመልክ ሰዎች የ50ዎቹን ፊት ዓይናችንን ጨፍነን እናስታውስ።

ግን በግ አንድ ትልቅ ድካም አለው። ፊተኛው ከሄደ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 ቱርክ ውስጥ ጌቫሽ በሚባል ቦታ የሆነውን የዜና ማሰራጫዎች ዘግበውት ነበር። እረኞቹ በጎቹን ለግጦሽ ለቀው ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር። አንድ በግ ከገደል ዘለለ። ሌላው ተከተለው። እንዲህ እየተከታተሉ 1,500 ገደማ በግ ዘለለ። ወደ 450 የሚሆነው ሞተ። የቀሩት የተረፉት በሞቱት ላይ ስለወደቁ ነው። የአንድ ቁርስ ጊዜ ነው እንግዲህ።

አሁን እኛ በየቀኑ ስንት ገደል እየዘለልን ነው? አንዱ «ይህ ወገን ጠላትህ ነው» ይላል፣ ሺው ይከተላል። አንዱ የሰው ገመና ያወጣል፣ ሺው ያጋራል። «ሁሉም እያለው ነው» የሚለው ምክንያት ሆኖናል። ሁሉም መሄዱ መንገዱን መንገድ አያደርገውም። «በጎቼ ድምፄን ይሰማሉ» ያለው ጌታ «የፊተኛውን ጭራ ይከተላሉ» አላለም።

የሰው ገመና ካልኩ አይቀር፣ ማቴዎስ 18ን አንድ ጊዜ እናንብበው። እዚያም የ99ኙና የአንዷ ምሳሌ አለ። ከምሳሌው በፊት «ከነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን እንዳትንቁ ተጠንቀቁ» ይላል። ምሳሌው እንዳለቀ ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። ብቻችሁን። ጠፍታ የተገኘችን በግ በትከሻ መሸከም ማለት ይህ ነው። እኛ ግን የወደቀ ሰው ስናገኝ ቪዲዮ እንቀርጻለን። ተኩላው እስኪመጣ በጊቱን አቁመን ፎቶ እንደማንሳት ነው። ስንቱ ንስሐ ሊገባ የነበረ ሰው ገመናው ሲበተን ጨርሶ ጠፋ? ለእነዚያ ነፍሶች የምንጠየቅ አይመስላችሁም? እኔ እፈራለሁ።

ስለ ሞያተኛውም፣ በደመወዝ ስለሚጠብቀው እረኛ፣ አንድ ቃል ልበልና ልለፍ። ተኩላ ሲመጣ ትቶ የሚሸሸው እረኛ ምልክቱ ግልጽ ነው። የሚሰጠው የሌለውን ሰው በስሙ አያውቀውም። በዚህ መዝኑ። ስሙ የገነነ ይሁን ያልገነነ ግድ የላችሁም። ደግሞም እንዲህ ያለው ሰው የሚቆመው በእኛ ጭብጨባ ነው። «ሀብት ይመጣልሃል» ሲለን እንሮጣለን፣ «የጎረቤትህን ድርሻ መልስ» የሚለንን ትተን።

በግ ሲገለበጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የወፈረ ወይም ጠጉሩ የከበደ በግ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ተኝቶ ድንገት በጀርባው ይዞራል። አራት እግሩ ወደ ሰማይ ይሆናል። ይፈራገጣል እንጂ ራሱን መመለስ አይችልም። ሆዱ ውስጥ አየር ይጠራቀማል፣ ሳንባውን ይጫነዋል። ሰው ካልደረሰለት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በሽታ የለበትም። ተኩላ አልነካውም። የሚያነሣው አጥቶ ብቻ ነው የሚሞተው።

የሚያነሣው ሰው ደግሞ አንሥቶት ወዲያው አይሄድም። እግሩ ደንዝዟል። በሁለት ጉልበቱ መካከል ያቆመዋል፣ ጎኑን በእጁ ይደግፋል። በጉ ይንገዳገዳል፣ እንደገና ወደ ጎን ይወድቃል። እንደገና ያቆመዋል። ቶሎ የለቀቀው እረኛ ሥራውን ደግሞ ይጀምራል። «ነፍሴን መለሳት» የሚለውን ሳነብ ይህ ነው የሚታየኝ። እኛ አንድ ቀን እንጠይቅና «ረድቼዋለሁ እኮ» እንላለን። አንድ ጊዜ ደወልን፣ አንድ ጊዜ ገንዘብ ሰጠን፣ ተገላገልን። ሰውየው ግን እግሩ ገና ደንዝዟል።

አሁን ይህን የሚያነብ፣ ራሱ የተገለበጠ ሰው ይኖራል። ማንም የማይጠይቀው፣ ወሩን ሙሉ ስልኩ ያልጮኸ። ለአንተ፣ ለአንቺ ተግሣጽ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም። መዝሙሩ ሲጀምር ዳዊት ስለ እረኛው ነው የሚያወራው። ያሳድረኛል፣ ይመራኛል፣ መለሳት ይላል። የሞት ጥላ ውስጥ ሲገባ ግን ንግግሩ ይለወጣል። «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይላል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ስለ እሱ ማውራቱን ትቶ ከእሱ ጋር ያወራል። በለመለመው መስክ ላይ ሳለ «እሱ» የነበረው በሸለቆው ውስጥ «አንተ» ሆነ። ሰው ባይቆጥራችሁ የሚቆጥራችሁ አለ። ያዕቆብም ሊሞት ሲል የዮሴፍን ልጆች እየባረከ ከተወለደ ጀምሮ እስከዚያ ቀን እግዚአብሔር እንደ መገበው፣ እንደ ጠበቀው መስክሯል። ሕይወቱ ቀላል አልነበረም፤ ስደትም ረሃብም ልጅ ማጣትም አይቷል።

ዱራ ዩሮፖስ የምትባል ከተማ ነበረች፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ሶርያ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ256 ገደማ በፋርሶች እጅ ወድቃ ባዶ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲቆፈር ክርስቲያኖች ይጸልዩበት የነበረ መኖሪያ ቤት ተገኘ። ከጥምቀቱ ገንዳ በላይ ግድግዳው ላይ በግ የተሸከመ እረኛ ተሥሏል። ከፊቱ መንጋው አለ። ያኔ ክርስቲያን መሆን ሞት ሊያመጣ ይችላል። ያች ጥቂት ሕዝብ ተጠምቃ ከውኃው ስትወጣ ቀና ብላ የምታየው ይህንን ነው። ሥዕሉ ላይ አንዷ ትከሻ ላይ ናት፣ ሌሎቹም አብረው አሉ። ብቻዋን የተሣለች በግ የለችም።

ያቺን የምሰሶዋን እናት ቤት ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የሚያውቃቸው ሰው ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ሴት መንገዱን አሳየችኝ። ስገባ አልጋ ላይ ናቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወቀሳ ጠብቄ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

«ምሰሶው ሥር ማን ቆመ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ደግ አደረግህ፣ ልጄ። እግርህን ያምሃል አይደል? ስትቆም እግርህን ትቀያይራለህ። ቦታውን ልልቀቅልህ እያልኩ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

የምመልሰው አጣሁ። እሳቸው ቀጠሉ። ያረገዘችው ልጅ ወለደች ወይ? ያ ከኋላ የሚቆመው፣ መነጽር የሚያደርገው ልጅ፣ ሥራ አገኘ? ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰውዬ አሁንም ብቻቸውን ይመጣሉ? አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ የመሰሉኝ እናት ሁላችንንም ቆጥረው ነበር። ሦስት ወር አልጋ ላይ ሆነውም አላቆሙም።

ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። «አላውቅም፣ እማማ» ብቻ እያልኩ ወጣሁ።

መነጽር የሚያደርገውን ልጅ ካየሁት ቆይቻለሁ። መቼ እንደቀረ ማስታወስ አቅቶኛል። አሁን ቤቱን እያጠያየቅኩ ነው።